ካቆምንበት መጀመር፦ የአዲስ አበባን ዳርቻ በእግር የዞርንበት ጉዞ እንዴት ተቀረጸ

ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው። 27 ዓመት ታክሲ ነድተዋል። መጀመሪያ ውይይት፣ በኋላ ሚኒባስ። መሪውን የለቀቁት ዓይናቸው እምቢ ሲላቸው ነው። አንድ እሑድ ቡና ላይ እንዲህ አሉ፦ «ይህን ከተማ ዕድሜዬን ሙሉ ከመሃል ወደ ዳር ነዳሁት። ዳር ስደርስ ሰው አወርድና አዙሬ እመለሳለሁ። ከመጨረሻው ፌርማታ ወዲያ አንድ እርምጃ ሄጄ አላውቅም።» ከዚያ የሚፈልጉትን ቀስ ብለው ተናገሩ። አዲስ አበባን ዳር ዳሯን በእግር መዞር።

እኔ ካሜራ አለኝ። ሥራዬ ሠርግና ምርቃት መቅረጽ ነው። «ልቅረጽዎት» አልኳቸው። «ሌላ ሥራ የለህም?» አሉኝ። ደስ እንዳላቸው ግን ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

በአንድ ጊዜ መዞር አልቻልንም። የእሳቸው ጉልበት ዳገት ላይ ይፈትናቸዋል። እኔ እሑድ እሑድ ሠርግ አለብኝ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እንድንሄድ ተስማማን። ጠዋት በታክሲ ወይም በባቡር ባለፈው ሳምንት ያቆምንበት ቦታ እንሄዳለን። ከዚያው ነጥብ እንነሳለን። የቻልነውን ያህል ሄደን ከሰዓት በታክሲ ወደ ቤት እንመለሳለን። ጉዞው ኅዳር ላይ ተጀምሮ ጥር መጨረሻ ላይ አለቀ። በገና ሰሞንና በጥምቀት አረፍን።

መንገዱ ዘጠኝ ምዕራፍ ሆነ። ከሽሮ ሜዳ ተነስተን እንጦጦን ወጣን፤ በተራራው ጫፍ ወደ ምሥራቅ ሄደን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወረድን። ከፈረንሳይ በየካ ተራራ ካራ። ከካራ በአያት አድርገን ቦሌ አራብሳ። ከቦሌ አራብሳ ኮዬ ፈጬ። ከኮዬ በቱሉ ዲምቱ አቃቂ። ከአቃቂ በቃሊቲ ለቡ። ከለቡ በጀሞና በአየር ጤና ዓለም ባንክ። ከዓለም ባንክ በቀራንዮ አስኮ። ከአስኮ በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በኩል ተመልሰን ሽሮ ሜዳ። በስልኬ ቆጣሪ 106 ኪሎ ሜትር ነው። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ ደግሞ 2,100 ገደማ። በአምስት ምዕራፍ ከብርዱ ወደ ሙቀቱ ወረድን፣ በቀሩት አራቱ ተመልሰን ወጣን ማለት ነው።

አንድ ሕግ ነበረን። ሕጉን ያወጡት ጋሼ ናቸው፦ «ያቆምንበትን ካልነካን አልጀመርንም።» በየምዕራፉ መጨረሻ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር እንመርጣለን። የመብራት ምሰሶ፣ የድልድይ ጠርዝ፣ የአጥር ጥግ። በዱላቸው መታ ያደርጉታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጀመሪያ እሱን መታ አድርገው ይነሳሉ። ይህን ነጥብ «ቋጠሮ» አልነው። እያንዳንዱን ቋጠሮ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ከፍታ፣ ሁለቴ እቀርጸዋለሁ። አንዴ ማታ ሲደክማቸው፣ አንዴ ጠዋት ሲነሱ።

የመጀመሪያው ትልቅ ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ታክሲ ውስጥ ስንገባ ካሜራዬን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ፊልሙ ስለ እግር ጉዞ ነው፣ ታክሲው ምን ያደርጋል ብዬ ነው። የቀረጽኩትን ቀጣጥዬ ለባለቤቴ አሳየኋት። ጋሼ በመጨረሻው ፀሐይ ፈረንሳይ ያለውን ምሰሶ መታ አደረጉ። ወዲያው ጠዋት ሆነ፤ ያንኑ ምሰሶ በሌላ ጃኬት መታ አድርገው ተነሱ። ባለቤቴ «እዚያ አደሩ እንዴ?» አለች።

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። በምስሉ ላይ ሰውዬው ተራራ ላይ ያደሩ ይመስላሉ። ሳናስበው ውሸት ሠርተናል። በዚያ ላይ ታሪኩ ውስጥ ዋናው ነገር የለም። ዕድሜውን ሰው ሲያጓጉዝ የኖረ ሰው አሁን ተሳፋሪ ሆኖ ዳር ድረስ እየሄደ ነው። እኔ ይህን ቦርሳ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ከሦስተኛው ቅዳሜ ጀምሮ መቅረጽ የምጀምረው ከቤታቸው በር ሆነ። ታክሲ ውስጥ መቅረጽ የራሱ ጠባይ አለው። መጀመሪያ ሾፌሩንና ረዳቱን እጠይቃለሁ። እምቢ ካሉ አልከራከርም፤ የሚቀጥለውን እንጠብቃለን። የተሳፋሪ ፊት አልቀርጽም። የጋሼን እጅ፣ መስኮቱን፣ የሚቆጠረውን ሳንቲም፣ በመስኮት የሚያልፈውን ከተማ እቀርጻለሁ። ካሜራውን ጉልበቴ ላይ አሳርፋለሁ፤ በሁለት እጅ ወደ ላይ ከያዝኩት መንገዱ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሰውም ያፍራል። ብዙ ጊዜ አስር ሰከንድ ይበቃል።

በጣም የምወደው ድምፅ የመጣው ከዚሁ ነው። በየምዕራፉ መጀመሪያ የቦታ ስም በጽሑፍ ላስቀምጥ አስቤ ነበር። ትቼዋለሁ። ረዳቱ እየጠራው ለምን እጽፈዋለሁ? «ካራ! ካራ! ካራ!» ሲል ተመልካች ወዴት እንደምንሄድ ያውቃል። ዘጠኙም ምዕራፍ በረዳት ጥሪ ይጀምራል። ድምፁን ሙዚቃ ከተከፈተበት ታክሲ ውስጥ ሳይሆን ውጭ ቆሜ ነው የቀዳሁት። ሙዚቃ ከገባበት በኋላ ላይ ቆርጦ ማገጣጠም ያስቸግራል፤ የሰው ዘፈንም ያለ ፈቃድ መጠቀም ልክ አይደለም።

አንድ ጊዜ ወደ ቦሌ አራብሳ ስንሄድ መውረጃችን ደረሰ። ጋሼ «ወራጅ አለ» አሉ። ድምፃቸው በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ማንም አልሰማም። ታክሲው አለፈ። ሁለተኛ አሉ። አሁንም አልተሰማም። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸችላቸው። ከወረድን በኋላ ቆም ብለው «27 ዓመት ስሰማው የኖርኩትን እኔ ማለት አቃተኝ» አሉ። ካሜራው ክፍት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ቢሆን ኖሮ ይህ ያመልጠኝ ነበር።

ታክሲው ሌላም ነገር ወሰነልን። ምዕራፉ የት እንደሚያልቅ የምንመርጠው በእግራችን አልነበረም፤ ታክሲ በሚገኝበት ነበር። ካራ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ፣ ለቡ፣ አስኮ። ሁሉም መጨረሻ ፌርማታ ናቸው። ቀላሉ በአያት በኩል ያለው ነበር፤ ባቡሩ አያት ድረስ ይሄዳል። ቀላል ባቡሩ በ2008 መስከረም ላይ ሥራ ሲጀምር ጋሼ ገና ይነዱ ነበር። ጠዋት ወደ ዳር የሚሄደው ታክሲ ባዶ ነው፤ ሰው ወደ መሃል ነው የሚጎርፈው። ከሰዓት ደግሞ ይገለበጣል። መገናኛና ሜክሲኮ ላይ ወደ ዳር የሚሄደው ሰልፍ አስፋልቱን ሲዞር እኛ በባዶ ታክሲ ወደ መሃል እንመለሳለን። ዳር ዳሩን የሚሄድ ሰው ትራንስፖርት ይቀልለዋል። ይህን ከመነሳታችን በፊት የነገሩን ጋሼ ናቸው፤ እኔ ተቃራኒውን ፈርቼ ነበር። ያም ሆኖ ከ10 ሰዓት በኋላ በእግር አንቀጥልም። 12 ሰዓት ላይ ይጨልማል፤ ዳር ላይ ሲጨልም ባጃጁም ይጠፋል።

ስለ ብርሃን ትንሽ ላቆያችሁ፤ እዚህ ላይ ብዙ ተምሬያለሁ። ከተማዋን በስተቀኝ እያደረግን ነው የዞርነው። እኔ ሁልጊዜ ከጋሼ በስተግራ፣ በገጠሩ በኩል እቆማለሁ። እንዲህ ሲሆን ከጀርባቸው ከተማዋ ትታያለች፤ እሳቸውም በምስሉ ላይ ሁልጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ። በሳምንት ልዩነት የተቀረጸ ጉዞ አንድ የሚመስለው በዚህ ነው። አቅጣጫው አንዴ ከተገለበጠ ተመልካች ሰውዬው ወደ ቤት የተመለሱ ይመስለዋል።

ግን ፀሐይዋ የእኛን ሕግ አታውቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። እንጦጦ ላይ ከሰሜን ቆሜ ወደ ደቡብ ስቀርጽ ፊት ለፊቴ መጣች፤ ጋሼ ጥቁር ጥላ ሆኑ። በምሥራቁ በኩል ከካራ እስከ ኮዬ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባዬ ናት፤ ፊታቸው ወርቅ ይመስላል፤ ከሰዓት ይበላሻል። በምዕራቡ ከለቡ እስከ አስኮ ደግሞ ጠዋቱ የማይረባ፣ ከሰዓቱ መልካም ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሰዓታችንን ቀየርን። በምሥራቁ ምዕራፎች 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቋጠሯችን ላይ ነበርን። በምዕራቡ 4 ሰዓት ላይ ነው የተነሳነው። አንድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሊቀርጽ ካሰበ ካርታውን ዘርግቶ ፀሐይ በየትኛው ወገን እንደምትሆን መጀመሪያ ይይ።

የንፋሱ ነገርም አለ። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉ ያለማቋረጥ ያፏጫል። የመጀመሪያ ቀን የጋሼ ድምፅ ሙሉ በሙሉ ተበላ። በሚቀጥለው ማይኩን በጥጥ ጠቅልዬ ከጃኬታቸው ኮሌታ ሥር ደበቅኩት። ተሻለ። ድሮን አላሰብነውም፤ ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው። ደግሞም ይህን ታሪክ ከላይ ማየት አልፈለግኩም። በእግር የሚሄድ ሰው የሚያየውን ነው የፈለግኩት።

ያልቀረጽኩትንም ልናገር። እንጦጦ ላይ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ እናቶች አሉ። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል። ወገባቸው ጎብጦ፣ ዓይናቸው መሬት መሬት እያየ ነው የሚወርዱት። ማንም የሚያያቸው ካሜራውን ወደ እነሱ ማዞር ያምረዋል። እኔም አማረኝ። ጋሼ እጄን ያዙኝና «ጠይቃቸው» አሉ። አንዷን «እናቴ፣ ልቅረጽዎት?» አልኳት። «ልጆቼ እንዳያዩኝ» አለች። ካሜራውን ወደ መሬት አዞርኩት። ፊልሙ ላይ ያለው የእግራቸው ድምፅ ብቻ ነው፤ ኮረቱ ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። ድምፁንም ቢሆን አስፈቅጄ ነው የተጠቀምኩት።

ሌላ ቦታ አንድ ትልቅ ግቢ አጥር አጠገብ ስናልፍ ጥበቃው አስቆመን። ከፊት ለፊት «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» ይላል፤ እኛ የመጣነው ከጎን ነው፣ አላየነውም። ያነሳሁትን እዚያው ፊቱ አጠፋሁለት። ጋሼ የትና ለምን እንደምንሄድ አስረዱት። ሰውዬው መጨረሻ ላይ አቋራጭ መንገድ አሳየን። ከዚያ በኋላ ግን ሁልጊዜ መታወቂያችንን ይዘን፣ አጥር ስናይ ካሜራውን ዘግተን ነው ያለፍነው።

አሁን ወደ አራተኛው ምዕራፍ ልምጣ። ከቦሌ አራብሳ ወደ ኮዬ ፈጬ። በስተቀኝ ኮንዶሚኒየም፣ በስተግራ የጤፍ ማሳ። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ጫማ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ጤፉ ታጭዶ ክምር ክምር ሆኗል። አንድ ቦታ በሬዎች ያበራያሉ። ጋሼ ዱላቸውን አስቀምጠው ከገበሬዎቹ ጋር ጭድ አነሱ። ኦሮምኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ ተሳሳቁ። ከጀርባቸው ስድስት ሰባት ሕንፃ ተገትሯል። በሕይወቴ ከቀረጽኩት ሁሉ ያ ይበልጣል ብዬ አምኜ ነበር።

እሑድ ሠርግ ነበረኝ። ሁለቱ ሚሞሪ ካርዶች ይመሳሰላሉ። ጠዋት በችኮላ ባዶው ነው ብዬ ያልተገለበጠውን ፎርማት አደረግኩት። በላዩ ላይ ሙሉ ሠርግ ቀረጽኩበት። ማታ ነው የገባኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለጋሼ ስነግራቸው አልተቆጡም። ሦስት ምርጫ ነበረን። ምዕራፉን መዝለል፤ ግን ቋጠሮው ይፈታል። ወይም በታክሲ ሄዶ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ቆሞ እንደሄዱ አስመስሎ መቅረጽ። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ነበር ያሰብኩት። ጋሼ ግን «ሄጄዋለሁ። ሁለተኛም እሄደዋለሁ። ሁለተኛ መሆኑን ግን ትናገራለህ» አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለስን። ጤፉ የለም። ክምሩ የለም። ማሳው ባዶ ቃርሚያ ሆኖ ከብት ይግጥበታል። አውድማው ቦታ ላይ የቀረ ነገር ቢኖር ትንሽ ጭድና የበሬ ኮቴ ነው። ጋሼ እዚያ ቆመው በዱላቸው እያመለከቱ የነበረውን ተረኩ። «ክምሩ እዚህ ነበር። በሬዎቹ እንዲህ ይዞሩ ነበር። አንዱ ልጅ አለንጋውን እንዲህ ይዞ...» ስምንት ደቂቃ ያለማቋረጥ ተናገሩ። ፊልሙ ውስጥ አራቱን ደቂቃ ሳልቆርጥ አስገብቼዋለሁ። ካርዱ እንደጠፋም በራሴ ድምፅ ተናግሬያለሁ። የጠፋው ምስል ዛሬም ያንገበግበኛል። ይህኛው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የዚያን አይነት አልቀረጽኩም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ተጨመረበት። ካርድ ቤት ገብቶ ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ ማንም ራት አይበላም። የተቀረጸበትን ካርድ ላዩ ላይ ቀይ ፕላስተር እለጥፍበታለሁ፤ ፕላስተሩ የሚነሳው ከተገለበጠ በኋላ ብቻ ነው።

ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ሕጉ ሌላ ፈተና ገጠመው። አየር ጤና ስንደርስ ረፍዶብን ነበር። የጋሼ ጉልበት አብጧል። ዓለም ባንክ ድረስ የቀረውን በባጃጅ ጨረስነው። ማንም አላየንም፣ ካሜራውም ዝግ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዓለም ባንክ ላይ ወርደን ልነሳ ስል ጋሼ ወደ ኋላ ማየት ጀመሩ። «የተሳፈርንበት የት ነበር?» ወደ አየር ጤና ተመልሰን ባጃጅ የያዝንበትን ሱቅ ፈለግን። የሱቁን ደጃፍ በዱላ መታ አድርገው ጀመሩ። ያንን ቀን ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ጨመረብን።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ሰዎቹ እንዴት ካሜራ ፊት እንዲህ ተናገሩ እያለ ነው። መልሱ ቋጠሮው ውስጥ አለ። በአንድ ጊዜ የሚያልፍ መንገደኛ አንድን ቦታ አንዴ ያየዋል። እኛ ግን ያቆምንበት ቦታ ሁሉ ሁለቴ እንመጣለን። ኮዬ ቋጠሯችን አጠገብ ሻይና ፓስቲ የምትሸጥ ሴት አለች። የመጀመሪያ ቀን ማታ ካሜራውን አይታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሻይ ጠጥተን ሂሳብ ከፍለን ሄድን። በሚቀጥለው ጊዜ ጠዋት ስንመጣ «አትመጡም ብዬ ነበር» አለች። ጋሼ በቋንቋዋ አወሯት። ስታበቃ ካሜራዬን እያየች «ክፈተው» አለችኝ። ከብት ያገደችበትን ቦታ አሳየችን። አሁን የብሎክ መግቢያ በር ነው። ከዚያ የቱሉ ዲምቱን መንገድ አመለከተችን። ስሙ በኦሮምኛ ቀዩ ኮረብታ ማለት እንደሆነ የነገረችኝም እሷ ናት፤ በስሙ ታክሲ ስሳፈር ኖሬ አላውቅም ነበር።

በስድስት ቋጠሮ ላይ እንዲህ ሰው አገኘን። ስድስቱም የተናገሩት በሁለተኛው ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድም ሰው አልተናገረም።

ውሃውንም መዝለል አልፈልግም። እንጦጦ ጫፉ ላይ የውሃ መለያያ ነው። ወደ ሱሉልታ የሚወርደው ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ ወደ ከተማው የሚወርደው ደግሞ በአቃቂ ወንዝ በኩል ወደ አዋሽ። የመጀመሪያ ቀን ከአንድ ምንጭ ሥር ጋሼ ፊታቸውን ታጠቡ። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ አቃቂ ድልድይ ስንደርስ ያ ውሃ ጠቁሮ፣ አረፋ ደፍቆ፣ አፍንጫ የሚያስይዝ ሆኖ አገኘነው። ከሥሩ የጎመን ማሳ በዚሁ ውሃ ይጠጣል። ጋሼ ድልድዩ ላይ ምንም አልተናገሩም። እኔም አልጠየቅኩም። ሁለቱን ምስል አላጠጋጋሁም፤ በየቦታቸው ተውኳቸው። በመሃላቸው አራት ቅዳሜ አለ፤ ተመልካቹም ያን ያህል መሄድ አለበት።

ቅንብሩ ሁለት ወር ፈጀ። የሄድንበት ሰዓት ሲደመር 38፣ በታክሲና በባቡር የቆየንበት 27 ነው። 41 ደቂቃ ፊልም ወጣው። ከዚያ ውስጥ ዘጠኝ ደቂቃው ትራንስፖርት ላይ ነው። አንድ የሙያ ጓደኛዬ «የታክሲውን ቀንሰው» ብሎኛል። አልቀነስኩም።

የመጨረሻው ቅዳሜ ከአስኮ ወደ ሽሮ ሜዳ ነበር። የተነሳንበት ምሰሶ የጥበብ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ አጠገብ ነው። ጋሼ ደርሰው መታ አደረጉት። ሻጯ «ምን እያደረጉ ነው?» አለቻቸው። «ኅዳር ላይ እዚህ ነበርኩ» አሉ። ወደ ታክሲ ተራው ሄድን። ሾፌሩ አጠገብ ጋቢና ተቀመጡ። ሰፈራችን ስንደርስ «ወራጅ አለ!» አሉ። መላው ታክሲ ዞሮ አያቸው።

ፊልሙን በመጀመሪያ ያየነው እሳቸው ቤት ነው፤ ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ ጎረቤት ተሰብስቦ። ሲያልቅ ጋሼ ዱላቸውን ይዘው ተነሱና ከአስኮ ወዲያ ቡራዩንና ገፈርሳን አልፎ እስከ መናገሻ ስንት ቅዳሜ እንደሚፈጅ ጠየቁኝ። በሁለት ይቻላል አልኳቸው። ካርዶቹን ባዶ አድርጌ፣ ፕላስተራቸውን አንስቼ አስቀምጫለሁ። ቅዳሜ 4 ሰዓት አስኮ ነን፤ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋቱ አያስቸኩለንም።